አምስት ደቂቃ

ከኩታይሲ ወጣን በአሮጌ ሚኒባስ፣
ባሌ ቤዣን ሲያዛጋ፣ ልጄ ታኮ ስታለቅስ፤
እናቴ ላማራ ፎጣዋን ታቅፋ፣
እንደ ታሸገ ደብዳቤ ከንፈሯን ቆልፋ።

ጽቃልቱቦ ደረስን። ከፍ ያለው ሆቴል
ጣሪያው ወላልቆ ግድግዳው ቆሟል፤
ጄኔራል በሸሚዝ የጨፈረበት ቤት
ዛሬ በለስ በቅሎ ያጮልቃል በመስኮት፤
ከጦርነት ሸሽተው የሰፈሩ ሰዎች
ገመድ ወጥረዋል በእብነ በረድ ዓምዶች፣
ካልሲ ይንጠባጠባል።
አንዲት ነጭ ላም ደግሞ ደረጃው መሃል ላይ
ታመሰኳለች፣ እንደ እንግዳ ተቀባይ።

እናቴ ያን ጊዜ ነው አፏን የከፈተችው፦
«ያ የባሕረኞች ነበር፤ ያኛው የማዕድን ቆፋሪው፤
ይኼ የወፍራሞች» አለች።
ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች እዚህ ቤት፣
ነጭ ጋውን ለብሳ፣ በእጇ የአሸዋ ሰዓት፤
የሰው ወገብ ስታስገባ፣ የሰው ወገብ ስታስወጣ፣
ለራሷ አንድ ጣት አልነከረችም።
አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር ሕጉ፤ ከዚያ በላይ የለም፤
ሚኒስትር ቢቆጣ፣ ሙሽራ ቢያለቅስ፣ አልጨመረችም።

ውሃው አይሞቅ፣ አይበርድ፤ እንደ ሰው ገላ ነው።
እጄን ነከርኩና ድንበሩን ፈለግሁት፣
የቱ ጋ እኔ አልቄ የቱ ጋ እሱ እንደሚጀምር አጣሁት።
ታኮ ዞር ብላ፣ «አያቴ፣ ውሃው ሰው ነው?» አለች።
ቤዣን በተውሶ የዋና ቆብ፣ ባለ አበባ፣
እንደ ጉማሬ ተንፍሶ ገባ።

እናቴ ግን ከዳር ናት። ልማድ ይዟት፣
የማታውቃቸውን ሴቶች ትገሥጻለች፦
«ደረትሽን ከፍ! ከፍ አድርጊው፣ የኔ እመቤት፣
ልብ አይነከርም!»
ሴቶቹም፣ ይገርማል፣ ይታዘዛሉ።

ከዚያ ጉልበቷ ሳይሆን አይቀርም የወሰነው።
አንድ ደረጃ ወረደች። ቆመች። ደግሞ አንድ።
ሦስተኛው ላይ የጋውን ኪስ ፈለገች በእጇ፣
ጋውንም የለ፣ ኪስም የለ።
አራተኛው ላይ «ኧረ!» አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም።
እስከ አገጯ ገባች።
ልቧም አብሯት ገባ።

ታኮ አሻንጉሊቷን በአያቷ ሆድ ላይ አንሳፈፈች፤
እንደ ደሴት ዝም አለች።

ወጣቷ ሠራተኛ መጣች፣ ስልኳን እያየች፣
«እማማ፣ አሥራ አምስት ሞላ፤ ይውጡ» አለች።
እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አምስት ጣቷን ብቻ አውጥታ፣
የሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ በዝግታ፣
«ጨምሪልኝ፣ ልጄ» አለች።

ልጅቷ አመነታች። በሩን አየች።
ስልኳን ኪሷ ከተተች።