ልክ

ቶሮንቶ ሄጄ አየሁት፣ አንደኛ የሚሉትን፣
የንግድ ትምህርት ቤት፣ የመስታወት ፎቁን።
አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ቃል ይቀማል፤
ጥርሱ ሁሉ ነጭ ነው፤ ሁሉም ይጨብጣል።
እጄን ሳነሣማ፣ ቃሌን መዝኜ፣
ወጥተው አልቀዋል፤ የቀረሁት እኔ።

«ልክሽን እወቂ!» ብሎኝ ነበር ድሮ
የመጋዘን አለቃዬ፣ በዝምታዬ ተማርሮ።
ስድብ ነው ብዬ ነበር።

ሳስካቱን ሄድኩ ደግሞ፤ በረዶ፣ ድልድይ፣ ወንዝ።
መምህሯ ጠይቃ ዝም አለች። እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ፤
ማንም አልቸኮለም። በአሥረኛው ተናገርኩ፦
«ምስር ልነግድ ነው።» ቆየችና ጠመኔ አንሥታ፣
«ኪሎው በስንት?» አለች፣ ሰሌዳው ጋ ተጠግታ።

ማታ ማመልከቻውን ስሞላ
አለቃዬ ትዝ አለኝ።
ያ ሰው፣ ለካ፣
ልክ ነበር።