አልማዝ ባለጭራ

አባቴ አሊጋዝ፣ የባቲ አንጥረኛ፣
ሰኞ ገበያተኛ፣ ማክሰኞ በሽተኛ።
ከጎድኑ ተነሥቶ እስከ ጀርባው ዞረ፣
እንደ ተረጨ ፍም፣ ውሃ እየቋጠረ።
ጎረቤት ገባና አየና አፉን ያዘ፤
«አልማዝ ባለጭራ!» አለና ተከዘ።
አባቴ ግን ሣቀ፣ ሕመሙ እያነቀው፦
«ዕድሜዬን በሙሉ ብር ነው የማውቀው፤
ዛሬ በስተርጅና አልማዝ አስጨነቀው
ይኼን አሮጌ ጎን። ማን አስተዋወቀው?»

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ነጭ ካፖርት ለብሼ፣
የአባቴን ሙያ ወደ ታች አሳንሼ
እሠራለሁ እንጂ ሌላ መች ተማርኩኝ፤
ያለ ወናፍ እሳት ብሩን አቀለጥኩኝ።
ጠገራውን ሰጠኝ፣ የእናቱን ማርትሬዛ፣
በሦስት ትውልድ ላብ ፊቷ የወዛ።
አሲድ ላይ ጣልኳትና ቀስ እያለች ፈላች፣
ከነጌጧ ከነግርማዋ ንግሥቲቱ ሟሟች።
ውሃው ሰማያዊ፤ መዳቧ ሲጋለጥ።
«የብር ገመና ይታያል ሲቀልጥ»
ይል ነበር አባቴ። ጨው ብጨምርበት
እርጎ መሰለና ብሩ ዘቀጠበት።
ደግሞ አጥቤ አሟሟሁት። ከጓሮ ለቅሜ
ያፈላሁትን ጤና አዳም ጠብ አድርጌ፣ ቆሜ
ስጠብቅ፣ ብርዝ መሰለ፤ ቀጥሎ የጥቅምት ማር መሰለ።
ብር ነጭ ነው ያለ ሰው፣ ሲደቅ መች አየና ያን አለ!

«ብሩሳ?» አለኝ፣ ጠርሙሱን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ።
«እዚሁ ነው» አልኩት፣ «ደቆ ደቆ፣ ከዓይንህ ጠፍቶ።
የአንዲት ጤፍ ውፍረት መቶ ሺህ ብትከፍለው
አንዱ ቁራጭ ነው እሱ፤ ናኖ የሚባለው።»
መነጽሩን ወለወለ። «ይኼንማ አንጥረኛ ቢሰርቀው
የቱ ሚዛን ይመሰክራል?» ሊስቅ ሲል ጎኑ ጨመቀው።

«በልጅነትህ ጉድፍ ወጥቶብህ ነበር?»
«ወጥቶብኝ ነበር።»
«እሱ ነው። አልሄደም። ከነርቭህ ሥር እንደ ሽፍታ ተኝቶ
ዛሬ ደከመ ብሎ ወጣ፣ የጎንህን መንገድ ዘግቶ።
ሾህ አለው በገላው ዙሪያ፣ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎበታል፤
በሾሁ ሕዋሱን ይዞ ሰተት ብሎ ይገባል።
ብሯ ቀድማ ብትለጠፍ፣ ሾሁን አንድ በአንድ ብትሞላው፣
በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ የሚይዝበት እጅ የለው።»

ውሸቴን አይደለም፤ አይቻለሁ።
(የአልማዝን ዘመድ ነው የሞከርኩት፣ እሷን ገና አልደፈርኳትም።)
ቦርከና ከታች ሲያጉረመርም፣ መብራት ሄዶ በመጣበት ሌሊት፣
ብር የጠበቃቸው ሕዋሳት ነግቶ በሕይወት ነበሩ፤
ያልጠበቃቸው እንደ ወና ቤት ግድግዳ ፈራርሰው ቀሩ።

ግን አራተኛው ሳህን ላይ
ብሩን ጥቂት አብዝቼ ነበር።
ቫይረሱ ሞተ።
ሕዋሱም ሞተ።

ይኼን አልነገርኩትም። ማታ ሸሚዙን ገልጦ ጀርባውን ሰጠኝ።
«ቀቢኝ።»
«አባዬ…»
«ቀቢኝ እንጂ። የእናቴ ብር ነው። እናቴ ልጇን አትጎዳም።»
ጠርሙሱ መዳፌ ውስጥ ሞቀ።
ያን ጊዜ ነገርኩት፤ አራተኛውን ሳህን።
ሳህን ሌላ፣ ሰው ሌላ፤ ገና አይጥ አለ፣ ገና ዓመታት አሉ።
ዝም አለ። ያልተፈተነ ብር
ለሙሽራ አንገት እንደማይሰጥ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።
«መፈተኛ ድንጋዬን» አለ ቆይቶ፣
«አርባ ዓመት ለማንም አላዋስኩም።»
ሸሚዙን መለሰ።

ከደሴ ኪኒን አመጣሁለት፣ የታወቀውን፣ የቆየውን፣
በቀን አምስት ጊዜ የሚዋጥ።
«ከሶላቴ ጋር ገጠመ» ብሎ አንዱንም ሳይዘነጋ ዋጠ።
አልማዝ ሄደች።
ጭራዋን ግን ጥላበት ሄደች፤ ሌሊት ሌሊት
ማንም ሳይነካው ጎኑ ይለበለባል፣
አንሶላ እንኳ ይከብደዋል።

እኔ አምስተኛው ሳህን ላይ ነኝ። ብሩን ቀንሻለሁ።
እሱም ሰኞ ሰኞ ባቲ ላይ፣ በግራ ክንዱ ጎኑን ደግፎ፣
ከቆላ ለመጣች ሴት አምባር ይመዝናል፤
የሞረዱን ብናኝ በላባ ጠርጎ
በጋዜጣ ቁራጭ ይቋጥራል።
ከላዩ ላይ በእርሳስ፣ በተንሻፈፈ ጽሕፈት፦
«ለሳህኑ።»