ዘጠኝ ነጥብ ዐሥር

ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ኮምፒውተር እጠግናለሁ መብራት የመጣ ቀን።
መብራት በሌለ ቀን
በጨለማው ቁጭ ብዬ፣ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ
ስም ስቆጥር አመሻለሁ፤ የትናንቱ ይጠፋኛል ዛሬ።

ሥርዓተ ክወናው ነፃ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም፤
ምንጩ ክፍት ነው ለሁሉ፣ ከልካይ ዘበኛ የለውም።
ውሃውስ ጥሩ ነበር፤ የደፈረሰው ስሙ ነው፣
አንዱን እንስራ አምስት ቀጂ በአምስት ስም የሚጠራው።
አንዱ «ትጉህ ጭላዳ» ነው፣ አንዱ «ዝምተኛ ጅብ»፣
ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ የሚያውቅ የለም ከልብ።
«የተረጋጋ» የተባለው በሁለት ቀኑ ይደነግጣል፤
«ያልተረጋጋው» ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ይጽፋል።

ቁጥሩም ጣጣ ነው። «ሃያ አራት ነጥብ አራት» ብዬ
ከአዘዞ ለመጣች የጤና ጣቢያ ጸሐፊ ዲስኩን አቀብዬ፣
«ዓመቱና ወሩ ነው» ስላት፣ «በፈረንጅ አቆጣጠር»፣
«እኛ ገና ዐሥራ ስድስት ላይ ነን! አራተኛው ወር ታኅሣሥ አልነበር?
አስቀምጥልኝ» አለች፣ «እንደርስበታለን፣ እግዜር ዕድሜ ቢጨምር።»

ያን ሰሞን ነው መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የመጡት፣
ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደ ጨቅላ ታቅፈውት።
ቅኔያቸውን ይተይቡበታል፤ የልጅ ልጃቸው የሰጠቻቸው ነው።
«ድክም ድክም ይለዋል» አሉኝ፣ «ዕድሜው ነው መሰለኝ የተጫነው።»

ረዳቴ እንዳላማው ክዳኑን ከፈተና
«ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ነው፤ አዲስ ነው፣ ደኅና።
ያለን ሌላ ዘጠኝ ነጥብ ዐሥር ነው፤
ነጥብ ዐሥር ማለት ነጥብ አንድ፣ ከዚህም የባሰ አሮጌ ነው።»
ማራኪ ግቢ ይማራል፤ አይሳሳትም በሒሳብ፣
ስድስት ወር ሙሉ አስረዳሁት፣ አልገባው አለ ይህ ሐሳብ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ነካ አድርገው፣
«አንተ ልጅ፣ ዳዊት ደግመሃል?» «ትንሽ ትንሽ» አለ አፍሮ።
«ምዕራፍ ዘጠኝን እስከ ቁጥር ዘጠኝ ያነበበ ሰው፣ ውሎ አድሮ፣
ቀጥሎ ምን ያነባል?» «ቁጥር ዐሥርን።» «በቃ፣ ይኸው!
ነጥቧ የምዕራፍ ድንበር ናት፤ ከሒሳብ ጋር ምን አገናኘው?
ምዕራፉ ያው ነው፣ ቁጥሩ አደገ፤ ጸሐፊው ገና አልጨረሰው።»

እንዳላማው ዝም አለ። እኔም ዝም።
ከልብስ ሰፊው መኪና በቀር የሚናገር አልነበረም።

«ስሙስ?» አልኋቸው ቀስ ብዬ፣ «ጭላዳ፣ ጅብ የሚሉት?
ቁጥር ካለ ቅጽል ለምን? ለምንስ ይደራርቡበት?»
አገጫቸውን ወደ ግንቡ አሻግረው ወረወሩ፤
«እዚያ የኖሩት ነገሥታት በሁለት ስም ነበር ሲጠሩ።
አንዱ እናት ያወጣችው፣ አንዱ ከዘውዱ ጋር የመጣ፣
ጸሐፊው ሁለቱን ካላወቀ ያኔም ነበር ይህ ጣጣ፤
አንድ ንጉሥ ሁለት ሆኖ ከመጽሐፉ ይወጣ።
እኔ ራሴ በቤት ጓዴ፣ በክርስትና ወልደ ሰንበት፣
በመታወቂያዬ ደግሞ ልሳነ ወርቅ፣ አንድ ፊደል ተገድፎበት፤
የቤት ካርታዬ ሁለት ዓመት ተንከራተተ በዚያች ስሕተት።
ስም እኮ፣ ልጄ፣»
አሉና ተዉት። ሳል ያዛቸው። እኔም አልጠየቅሁ መልሼ።

ማታ ነጥብ ዐሥርን ጫንሁላቸው። በፕላስተር ቁራጭ ላይ
በቀይ ቀለም «፱» ብለው፣ አጠገቡ «፲» ጻፉ፣ ከክዳኑ በላይ።
«በኛ ፊደል ዐሥር ዐሥር ነው፤ አንድና ባዶ አይደለም፣
ማንም አይቶት ከዘጠኝ ያንሳል ብሎ አይሟገትም።»
ከዚያ ወዲህ እንዳላማው ሁሉንም በግእዝ ይለጥፋል፣
ደንበኛ ግራ ሲጋባ «ምዕራፍና ቁጥር ነው» ይላል።

ትናንት ደግሞ አዲሱ ወጣ። ዐሥራ ሁለት ነው ምዕራፉ።
ዐሥርስ? ዐሥራ አንድስ? ማን አያቸው ሲያልፉ?
ቅጠል ወድቆ ይሆን ከብራናው? ወይስ ጸሐፊው ፋቃቸው?
እኔ እንጃ።
ሱቁን ልዝጋ፤
ቁስቋም ድረስ ዳገቱን ወጥቼ መሪጌታን ልጠይቃቸው፣
ያልተጻፈ ምዕራፍ ሲዘለል ምን ይባላል በቋንቋቸው።