ኮከብ ቆጣሪዋ

ከፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው እንጀራ ስቆጥር።
ማርዴል ብራተን እባላለሁ፤ የቬልና ካውንቲ ጸሐፊ፣
ሩብ ዓመት በመጣ ቁጥር፣ ከቁጥር ጋር ተጋፊ።

እርሻ፦ ሁለት መቶ አርባ። ከአምናው በአስራ ሰባት ያነሰ፤
ትራክተሩ በሳተላይት ራሱን እየነዳ ስላረሰ።
ሆስፒታል፦ መቶ ስድስት። የማዋለጃው ክፍል ተዘግቷል፣
ሴት ምጥ ሲይዛት፣ ባል በረዶ ላይ ሰባ ማይል ይነዳል።
ችርቻሮ፦ የሰዓት ክፍያው በሃምሳ ሳንቲም ጨመረ፤
የእንቁላል ዋጋ ሰምቶ ኖሮ፣ ክንፍ አውጥቶ ቀድሞት በረረ።
የነፋስ ተርባይን ሲተከል ሁለት መቶ ሰው መጣ፣ ምግብ ቤቱ ሞላ፤
ተተክሎ ሲያልቅ ሁለት ቀሩ። ነፋሱ ይሠራል፣ ሳይከፈለው፣ ምሳም ሳይበላ።
መንግሥት፦ ስልሳ ሦስት። አንዷ እኔ ነኝ።

ደንብ አለ። በአንድ ዘርፍ ቀጣሪው ከሦስት በታች ከሆነ፣
የሰው ጓዳ እንዳይገለጥ፣ ቁጥሩ በኮከብ ተከደነ።
ማዕድን፦ ኮከብ። እሱ ኦርሊን ነው፣ ጠጠር ቆፋሪው፣
ባለ አንድ ገልባጭ መኪና፣ የራሱ አለቃ፣ የራሱ አበዳሪው።
መዝናኛ፦ ኮከብ። እሷ ዴልፊን ናት፣
የቦውሊንግ አዳራሿን ቅዳሜ ማታ ብቻ የምትከፍት።
መጓጓዣ፦ ኮከብ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ከፋሲካ ወዲህ አንድ፤
ቅጹ ላይ ሐዘን የሚባል ሳጥን የለም፤ አልፈዋለሁ በለመድኩት መንገድ።
ሌላው ሰማይ ያያል፤ እኔ ወረቀት ላይ እቆጥራለሁ፣
ጎረቤቴን ሁሉ በኮከቡ አውቀዋለሁ።

መጋቢት ላይ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ የዶሮ ማረጃው ፊሽካ ቀረ፣
ሦስት መቶ አስራ አራት ሰው መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።
ኤውላሊያ፣ ከጓቴማላ መጥታ፣ አስራ አንድ ክረምት ክንፍ ስትቆርጥ የከረመች፣
የልጇን ብስክሌት ለእኔ ሸጣ ወደ ደቡብ ነጎደች።
ልጅ የለኝም። ብስክሌቱ ጋራዤ ውስጥ ቆሟል።

ሩብ ዓመቱ ደረሰ። ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤ ደግሜ አካፈልኩ፤
አማካዩ ደመወዝ ዘጠኝ ከመቶ አድጎ ቢመጣ፣ ደነገጥኩ።
ለማንም አልተጨመረም። ትንሽ የሚከፈለው ስለሄደ ነው፤
ከሰልፍ አጫጭሮቹን ብታስወጣ፣ የቀረው ሰልፍ ረጅም ነው፤
እስቲ አሁን ቁመት የጨመረው ማነው?

ኮሚሽነር ሃልቨር ስቴንሩድ መነጽሩን አውልቆ ፈገግ አለ፣
“ዘጠኝ ከመቶ! ለጋዜጣው ላኪው፤ ዘንድሮ ቀናን” እያለ።
ከግርጌው ጽፌ ነበር፣ “ጭማሪው የሄዱት ሰዎች ናቸው” ብዬ፤
ጋዜጣው ግርጌውን ቆረጠው። ደጃፌ ቆሜ አነበብኩት፣ ችዬ።

ትናንት የአዲሱ ሠንጠረዥ፣ የማምረቻው ዘርፍ ተራ ደረሰ፤
የቀሩት በር ሠሪው በርንትና ማር አሻጊው ናቸው፤ ከሦስት አነሰ።
ያን ሁሉ ፊሽካ፣ ያን ሁሉ የላስቲክ ቦቲ፣ ያን የሌሊት ፈረቃ፣
በአንዲት ኮከብ ከደንኩት። ቁልፏን ስጫን ቀጭ አለች፤ በቃ።

ወጣሁ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ መንገዱ ባዶ ሆኗል፣
የማረጃው ግቢ መብራት ስለጠፋ፣ ሰማዩ ከወትሮው ሞልቷል።
የመኪናዬን ቁልፍ እንደጨበጥኩ፣
በዚህ ሁሉ ዓመት ቀና ብዬ የማላውቀውን ቀና አልኩ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ፣ አንገቴ እስኪደነዝዝ፤
ይኼኛው ቆጠራ ያለ ደመወዝ።