እግሯ ከእኔ ጋር ነው

ጎህ ሳይቀድ፣ አሞራ ገደል፣ ጀልባዬ ገና ሳይፈታ፣
ዳካሜ እግሯን ትሰጠኛለች፣ ማሰሪያውን ፈትታ።
"ያዝልኝ" ትላለች፣ እንደ ጫማ፣ እንደ ጃንጥላ፤
እኔም ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከመቀመጫዬ ኋላ።
ከዚያ ትንሸራተታለች። ጫጫታ የለ፣ ግርግር የለ፤
ቄጠማው ብቻ ነቅነቅ አለ።

ባንድ እግር የሚመታ ገላ ወደ ግራ ይሄዳል፤
ሐይቅ መስመር የለውም፤ ማን ቀጥ አድርጎ ይነዳል?
ስትመለስ፣ በየሦስተኛው ትንፋሽ፣ ቀና ብላ ታቦርን ታያለች፤
ተራራውን ግንባሯ ላይ አስራ ጠማማውን ታቀናለች።

ሆቴሉ ገንዳ ነበረው። "ለእንግዳ ነው" ይል የነበረው ዘበኛ
አንድ ማክሰኞ በኋላ በር አስገባን፣ አለቃው እንደተኛ።
አሠልጣኟ ላሊሶ በሲባጎ ለካው፦ እንደ ባቄላ የጎበጠ፣
አሥራ ስምንት ሜትር ከሩብ፣ አንዱም ግድግዳ ቀጥ ብሎ ያልተቀመጠ።
"ባቄላ ውስጥ ሪከርድ አይሰበርም" ብላ ሳቀች፤
ወደ ጎረቤቷ ጉማሬ፣ ወደ ሐይቋ ዞረች።

ባለፈው ግንቦት መዳቢዎች መጡ፤ በሜትር ለኳት፣
ከጉልበቷ በታች የጎደለውን በሴንቲ ቆጠሩላት፣
ፊደልና ቁጥር ሰጧት። ወረቀቱን አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተች፤
"የሌለኝን ለኩ፤ ያለኝን ማን ይለካልኝ?" አለች።

ዳር ላይ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ድምፁ እስከ ጀልባዬ ይሰማል።
አባ ኮዳም እዚያው፣ የዓሣ አንጀት መሃል፣ ባንድ እግሩ ቆሟል፤
እሱን ማን "ምስኪን" ብሎታል?

ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ በመካከላቸው አምሳ ሜትር፤
እኔ ስልኬን ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ስቆጥር፣
ሁልጊዜ ሁለት ሰከንድ ይቀራል፤
ቆሮሶ ከእጅ ሾልካ እስክትሰወር።

አንድ ጠዋት አላስቻለኝም። ጀሪካኑን ሳትነካ፣ ቀድሜ
ተጫንኩት። "ደረስሽበት!" አልኩ፣ ጀልባው ላይ ቆሜ።
ጠርዙን ይዛ፣ አየር እየሳበች፣ ዝም ብላ አየችኝ፤
"ያንተም አውራ ጣት ከንፈር ይመጥጣል እንዴ?" አለችኝ።

አጠፋሁት። ከዜሮ።
ፀሐይ ከታቦር ጀርባ ጆሮዋን ብቻ አውጥታለች።
እግሯ ፌስታሉ ውስጥ፣ ካልሲውን እንዳጠለቀ፣ ተጋድሟል፤
እሷ ሄዳለች፤
ጣቴም አየር ላይ ይጠብቃል።