የቀረችው ሰንጢ

ሰኞ ባንክ በር ላይ ጥበቃው ፈትሾኝ፣
«ስትወጣ ውሰዳት» ብሎ አስቀምጦልኝ፣
ስወጣ ፈረቃው ተቀይሮ ጠበቀኝ።
አዲሱ ዘበኛ «የምን ሰንጢ?» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቀኝ ኪሴ ጌታ፣
ጭኔ ላይ የሞቀች ከጠዋት እስከ ማታ፣
በአንድ ቃል ቀረች።
ኪሴ እንደ ተነቀለ ጥርስ ቦታው ተከፈተ፣
እጄም እንደ ምላስ እዚያው ተንከራተተ።

ጠበኛ አይደለሁም። ማንንም አልወጋሁ።
የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፣ ከቤት ቤት እዞራለሁ፤
ጎማ እቆርጥባታለሁ፣ ሽቦ እልጥባታለሁ፣
የጆንያ አፍ የሰፋ ሲባጎ እፈታለሁ፣
ማንጎ ከተገኘም
በሱሪዬ ጠረግ አርጌ፣ እሱንም እልጣለሁ።

ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሙቀቱ ሲላላ፣
ደቻቱን በአሸዋው ተሻግሬ መጋላ፣
ቀፊራ ጥግ ቆምኩኝ፣ ከረምላ ሱቅ ጥላ።
ባትሪ፣ መቀስ፣ የሬዲዮ አንቴና፣ የጥፍር መቁረጫ
ከዘረጋችበት ሸራ ስር
ሁለት ሰንጢ ብቻ ከካርቶን አወጣች፣
«የቀሩኝ እኒህ ናቸው፣ ምረጥ» ብላኝ ዞረች።

መንትያ።
ሁለቱም ቡናማ እጀታ፣ ሁለቱም ሦስት ምስማር፤
አንዷ ጫፏ ሾል ይላል፣ አንዷ ትንሽ ክብ፣
(ይህንንም ያወቅኩት ሩብ ሰዓት ሳስብ።)
ሾጣጣዋ ስትከፈት ጥፍር ታሳምማለች፣
ከተከፈተች ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች።
ክቧ ገር ናት፤ በአውራ ጣት ትፈታለች፣
ስትዘጋም እንዲሁ፣ ጣት ላይ ትመጣለች።

ከፈትኩ። ዘጋሁ። ከፈትኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።
አንዷ «ቀጭ» ትላለች፣ ሌላዋ «ቀጨጭ»።
በአንዲት ፊደል ብልጫ ግማሽ ሰዓት አለቀ፣
ከጎኔ ብርቱካን ሻጩ አብዶሽ ሳቀ።
«አቦ! ሰው ቤት ሲከራይ እንኳ ይሄን ያህል አያይ!»
ሁለት ብርቱካን ወረወረልኝ፦ «በል ላጥና ለይ!»

ላጥኩ። አንዱን በዚህች፣ አንዱን በዚያች።
ልጣጩ እንደ ስስ ቀበቶ እየዞረ ወረደ፣
ከሁለቱም እኩል፣ ሳይበጠስ ሄደ።
ብርቱካኑን በላን፣ እሱ፣ እኔና ረምላ፤
ፍርዱ ሳይሰጥ ቀረ፣ ምስክሩ ተበላ።

ረምላ እጇን እየጠረገች፣
«አንድ ካርቶን ነው የመጡት፣ በአንድ ሌሊት፣ ከጅቡቲ፤
ልዩነት የፈለግከው አንተ ነህ፣ እነሱ ምን አሉ?» አለች።
አፈርኩ። ሾጣጣዋን አነሳሁ። ከፈልኩ።
አምስት እርምጃ ሄጄ የቀረችዋን ናፈቅኩ።

ባጃጅ ውስጥ፣ ወደ ሳቢያን፣ የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ፣
አንድ ጎረምሳ ከጎኔ ሸንኮራ ይልጣል፣ አንገቱን ደፍቶ።
በምን?
በእሷ። በክቧ። በተውኳት።
ሰዓት እንኳ ሳይሞላት ሌላ ሰው ገዝቷት።
«ከረምላ?» አልኩት።
«ከረምላ» አለኝ፤
«ሁለት ነበሩ አለች፣ ጥሩዋን አንዱ ቀደመኝ።»

መልስ አልነበረኝም፤ የኔን አውጥቼ ሰጠሁት።
እሱም የሱን አጥፎ በመዳፌ አኖረልኝ።
የኔን እሱ ዳሰሰ፣ የሱን እኔ ዳሰስኩ፣
በሞተሩ ጩኸት የቷ «ቀጭ» እንዳለች አልሰማሁ።
ጉድጓድ!
ባጃጁ ዘለለ፣ ሁለቱም ከእጃችን ወጡ፤
ደግነቱ ታጥፈዋል። ከእግራችን ስር፣
ከአገዳው ልጣጭ መሀል ገቡ።
«ወራጅ አለ!» አለ። ጎንበስ ብሎ ያገኛትን አነሳ።
እኔም ያገኘኋትን።

ቤት ስደርስ ሻማ በርቷል፤ ልጄ ሒንዲያ ማንጎ ይዛ
«የታለች?» ትለኛለች።
ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ፣ ጫፏን ሳላይ ከፈትኳት።
ጥፍሬን አመመኝ፤
ከአሁኑ ይሁን ከቅድሙ፣ ከዚያ ሁሉ ከፈትኩ ዘጋሁ፣
አልመረመርኩም።
ማንጎው ተቆረጠ። ሒንዲያ አንዱን ጎን አነሳች፣
የቱ ይበልጣል ሳትል፤
ጭማቂው በክንዷ ወርዶ ክርኗ ላይ ደረሰ።