መያዣ

ራዲም መስታወቱን በክርኑ ወልውሎ
ስድስት ልብስ ደረደረ፣ «እንግዲህ ምረጪ» ብሎ።
ለሰው አይደል ልብሱ፤ ለዚች ለእጅ ጌሜ፣
ካንገቴ ሻርፕ ጠቅልዬ ላመጣኋት ታቅፌ፣ ታክሜ።
«ስንቴ ወደቀች?» አለኝ፣ ልክ እንደ ሐኪም።
«ዘንድሮ ወይስ በጠቅላላው?» ሳቀ ራዲም።

እውነቱን ለመናገር፣ የብርኖ ትራም ነጂ ነኝ፣
ስምንት ሰዓት ሙሉ ዘንግ ጨብጬ የምገኝ።
አመሻሹ ላይ አውራ ጣቴ ይደነዝዛል፣
የያዝኩት ሳላውቀው ከእጄ ላይ ይወርዳል።
ባለፈው ማክሰኞ፣ ቢስትርትስ፣ መጨረሻው ፌርማታ፣
ሰባት ደቂቃ እረፍት፣ በረዶ፣ ጸጥታ፣
ዘንዶውን ልጥል ስል፣ አንድ ምት ሲቀረኝ፣
ዘንዶው ቆሞ ቀርቶ ጌሟ ወደቀችኝ።

አንደኛው ሲሊኮን፣ ለስላሳ እንደ ጆሮ ጫፍ፣
ግን ብናኝ ይወዳል፤ የኪስ ጥራጊ፣ የሻርፕ ጸጉር፣
የዳቦ ፍርፋሪ አቅፎ የማያራግፍ።
ሁለተኛው ጠጣር፣ ትከሻው የሰፋ፣
ቢወድቅ አይበገርም፤ ግን ትንፋሽ አጠፋ፤
የንፋስ ቀዳዳዋን ደፍኖ ያፍናታል፣
ግማሽ ሰዓት ሳትጫወት ትኩሳት ይይዛታል።
«ከስብራት አድኖ በሙቀት የሚገድል ዘበኛ» አልኩ።
ራዲም አልሳቀም። ወደ ሦስተኛው ዞርኩ።
ቆዳ ነው ሦስተኛው፣ ለሚኒስትር የሚሆን፣
ዋጋውም የሚኒስትር። እሱን ተወው አልን።
አራተኛው ከኋላው ሁለት ጉብታ ያለው፣
መዳፍ ሞልቶ እንዲይዝ፣ ጣት እንዲያርፍ ብለው
የሠሩት ነው አለኝ። ጨበጥኩት። ክፋቱ፣
የተለካበት እጅ የግዙፍ ነው፣ ስፋቱ!
ቁልፉ ጋ ለመድረስ ጣቴን ስጎትተው
መልሼ ልጥላት። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይኼ ነው።

አምስተኛው ሮዝ ነው። አለፍነው።

ስድስተኛውን ሊለካ ገልበጥ ሲያደርጋት
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ፣ ቀኝ ጥጓን ነካካት።
አራት ትንንሽ ጎድጓዳ፣ ግማሽ ጨረቃ ሠርተው።
«ጥርስ ነው» አልኩት። «የልጄ፣ የቪት። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነው።
በዚያው ዘንዶ አሥር ጊዜ ተሸንፎ፣ ተናዶ፣
ነከሳት። ዘንዶውማ ዛሬም አለ፣ ዋሻው በር ላይ ከብዶ።»

ቪት አሁን አሥራ አምስት ነው፤ ኦስትራቫ፣ አባቱ ቤት።
መስከረም ላይ ሻንጣውን ሲዘጋ እጄ ላይ አኖራት፣
«መያዣ ትሁንሽ» አለኝ፣ «ተመልሼ እስክወስዳት።»
ብድሩ ምን እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም።
ይሄን ለራዲም አልነገርኩትም።

«ጥሩ ነው» አለ እሱ፣ «ይሄኛው ይሸፍነዋል፤
ጥግ ጥጉ ወፍራም ነው፤ አዲስ ያስመስላታል።»
እውነትም ሸፈነው። ለበሰች። አማረች።
የማን እንደሆነች የማትታወቅ ሆነች።

«አውልቅላት» አልኩ።

«አንድ ያልተሸጠ አለኝ» ብሎ ከመሳቢያው ሥር
አወጣ፤ እንደ መስኮት የጠራ፣
ጉብታው ከእኔ ጣት ጋር የሚዋደድ፣ የሚማከር።
«ግን ዓመት አይሞላውም» አለ፣ «ቢጫ ይሆናል።»
«ይሁን። ቢጫ ጥርስም ጥርስ ነው፤ ይታያል።»
«ማታ ማታ ታወልቂዋለሽ፤ ከነልብሷ ቻርጀሩ ላይ አትቀመጥ።»
«እኔም ከነዩኒፎርሜ አልተኛም። ዋጋውን ንገረኝና ልምረጥ።»
ሦስት መቶ አርባ ኮሩና። እጅ በእጅ።

ትናንት ማታ፣ ቢስትርትስ፣ የመጨረሻው ዙር፣
ተሳፋሪው ወርዶ፣ የመስታወት መጥረጊያው ብቻ ሲዞር፣
ዘንዶው ጋ ደረስኩ። አንድ ምት። አንድ ብቻ። ሞትኩ።
ከእጄ ግን አልወደቀችም፤ መያዣዬን አልለቀቅኩ።
ንዴቴ ሲፈላ፣ ጨለማ ነው፣ ማንም አያይ፣
ወደ አፌ አነሳኋት፣ በግራ ጥጓ፣ ከቪት ጥርስ ትይዩ ላይ።

ፕላስቲክ። አዳለጠኝ።

ሳቄ የፊት መስታወቱን በእንፋሎት ሸፈነው።
ለቪት ጻፍኩለት፦ «ዘንዶው ክንፉን የሚዘረጋው በስንተኛው ምት ነው?»
መልሱን ስጠብቅ ሰባቱ ደቂቃ አለቀ።
ደወሉን ነካሁ፤ ትራሙ ተንቀሳቀሰ፣
ኪሴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ።